ቀድሞ ማቅናት፣ ቀጥሎ ማመጣጠን፦ የፕሮፔለር ሥራ በቤት ሠራሽ አውሮፕላን ላይ

ፕሮፔለር የሞተርን ጉልበት ወደ ጉዞ የሚለውጥ የአውሮፕላን ክፍል ነው። ሞተሩ ዘንጉን፣ ዘንጉ ደግሞ ፕሮፔለሩን ያዞራል፤ ምላጮቹም አየሩን ወደ ኋላ እየሰደዱ አውሮፕላኑን ወደ ፊት ይጎትቱታል። በትንሽ አውሮፕላን ላይ የፕሮፔለሩን ጫፍ ያህል ፈጥኖ የሚንቀሳቀስ ሌላ ነገር የለም። ስለዚህ የፕሮፔለር ጠማማነት ወይም የክብደቱ መዛባት በራሱ ላይ ብቻ ተወስኖ አይቀርም። ወደ ሞተሩ ኩሽኔታ፣ ሞተሩን ወደ ያዘው ማቀፊያ፣ ወደ ቤንዚን ቱቦው፣ አልፎም ወደ አብራሪው መቀመጫ ይደርሳል።

ይህን ለመከላከል የሚደረገው ሥራ ሁለት ዘርፍ አለው። የመጀመሪያው ማቅናት ነው፤ ፕሮፔለሩ በዘንጉ ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ፣ ምላጮቹም በአንድ ፈለግ እንዲሄዱና እኩል አንግል እንዲይዙ ማድረግ ማለት ነው። ሁለተኛው ማመጣጠን ነው፤ ክብደቱ በመሐሉ ዙሪያ እኩል እንዲከፋፈል ማድረግ ነው። የሁለቱ ተራ አይገለበጥም። ጠማማ ሆኖ የተቀመጠን ፕሮፔለር በክብደት ለማመጣጠን መሞከር አንዱን ስሕተት በሌላ ስሕተት መሸፈን ነው፤ በአንድ የሞተር ፍጥነት ላይ ንዝረቱ የጠፋ ቢመስልም በሌላው ፍጥነት ተመልሶ ይመጣል።

የጉዳዩን ክብደት ቁጥር ያሳያል። ዲያሜትሩ 1.4 ሜትር የሆነ ባለ ሁለት ምላጭ ፕሮፔለር ይወሰድ። አንደኛው ምላጭ ጫፉ አካባቢ፣ ከመሐል 70 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ በ10 ግራም ብቻ ከሌላው ቢከብድ፣ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር ያ 10 ግራም ዘንጉን 70 ኪሎ ግራም ያህል በሚመዝን ኃይል ይጎትተዋል። የኃይሉ አቅጣጫ ደግሞ ከምላጩ ጋር በሰከንድ 50 ጊዜ ይዞራል። የሽክርክሪቱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ይህ ኃይል አራት እጥፍ ያድጋል። በጋራዥ ጎማ ባላንስ ሲደረግ የሚለጠፈው ትንሽ እርሳስም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ ልዩነቱ ፕሮፔለር ከጎማ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ መዞሩና ችግሩ ሲመጣ አውሮፕላኑን ከመንገድ ዳር ማቆም አለመቻሉ ነው።

ንዝረት በፕሮፔለርና በዘንግ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከበረራ ታሪክ ጅማሬ አንሥቶ የታወቀ ነው። ኦርቪልና ዊልበር ራይት እ.ኤ.አ. በ1903 ኪቲ ሆክ አጠገብ የመጀመሪያዋን ባለ ሞተር አውሮፕላናቸውን ሲፈትሹ፣ ገና ከመሬት ሳይነሡ የፕሮፔለር ዘንጎቻቸው ተበላሹባቸው። ሞተሩ ምቱን እየሳተ ይንዘፈዘፍ ስለነበር በኖቬምበር ወር መጀመሪያ ዘንጎቹ ላሉ፤ ተጠግነው ከተመለሱ በኋላም አንደኛው ተሰነጠቀ። ኦርቪል ወደ ዴይተን ተመልሶ ከድፍን ብረት የተሠሩ አዳዲስ ዘንጎች ይዞ መጣ፤ በረራውም ዲሴምበር 17 ቀን ተሳካ። ወንድማማቾቹ ፕሮፔለርን እየዞረ እንደሚበር ክንፍ አስበው በስሌት በመቅረጻቸው ምላጮቻቸው ለዘመኑ እጅግ የተዋጣላቸው ነበሩ። ያዘገያቸው የምላጩ ቅርጽ አልነበረም፤ ንዝረቱን የሚሸከመው ዘንግ ነበር።

በኢትዮጵያም በአገር ውስጥ አውሮፕላን የመሥራት ታሪክ ረጅም ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስና አብራሪ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ በአቃቂ የሠራት ፀሐይ የተባለችው አውሮፕላን በ1928 ዓ.ም. በረረች። ስሟን ያገኘችው ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ፀሐይ ነው። ሞተሯ ዋልተር ቬኑስ የሚባል፣ ሰባት ሲሊንደርና 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ነበር። ፋሺስት ኢጣሊያ ወርሮ ከወሰዳት በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት በኢጣሊያ ሙዚየም ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመለሰች።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ አስመላሽ ዘፈሩ በራሱ ጥረት ኬ-570ኤ ብሎ የሰየማትን አንድ ሞተር ያላት አውሮፕላን ሠርቶ በሰኔ 2007 ዓ.ም. ሱሉልታ አካባቢ ለማስነሣት ሞክሯል። ሥራው 570 ቀናት የፈጀ ሲሆን ሞተሩ የተወሰደው ከቮልስዋገን ቢትል መኪና ነው። ያ ሙከራ አውሮፕላኗን ከመሬት ባያስነሣትም፣ በኢትዮጵያ አንድ ሰው በገዛ እጁ ክንፍና ሞተር አገጣጥሞ እስከ መንደርደሪያው ሊያደርስ እንደሚችል አሳይቷል። የሞተር ምርጫውም ከዓለም የቤት ሠራሽ አውሮፕላን ልማድ ጋር የሚሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በፖል ፖቤሬዝኒ መሪነት በአሜሪካ የተመሠረተው የቤት ሠራሽ አውሮፕላን ሠሪዎች ማኅበር ከተስፋፋ ወዲህ፣ በአየር የሚቀዘቅዘው የቮልስዋገን ሞተር በብዙ ትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ ተገጥሟል። እንዲህ ያለው ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ያለ ማርሽ፣ በቀጥታ በኮሎው፣ ማለትም በሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ጫፍ ነው። ስለዚህ የፕሮፔለሩ መዛባት መጀመሪያ የሚያርፈው በኮሎው ላይ ነው፤ የኮሎው መናጥም ሳይበርድ ወደ ፕሮፔለሩ ያልፋል።

ሥራው የሚሠራበት ስፍራም ልዩነት ያመጣል፤ በሰሜን ኢትዮጵያ የሚገኙት የቆቦ ከተማና የራያ ቆላ ለዚህ ሥራ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሜዳዋ ሰፊ፣ በምሥራቅ በዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ በደጋው ግርግዳ የታጠረ ነው። ከፍታውና ሙቀቱ ሲደመሩ አየሩን ያሳሱታል። ሙቀቱ 32 ዲግሪ በደረሰ ቀትር የቆቦ አየር እፍጋት በባሕር ወለል ካለው መደበኛ አየር 79 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ይህም በመደበኛ ሁኔታ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ከሚገኘው አየር ጋር ይስተካከላል። ሙቀቱ 12 ዲግሪ በሆነበት ማለዳ እፍጋቱ ወደ 85 በመቶ ይወጣል። ፕሮፔለሩ በአንድ ዓይነት ዙር ቢሽከረከር እንኳ በቀትር የሚሰጠው ግፊት በባሕር ወለል ከሚሰጠው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ከክብደት መዛባት የሚመጣው ኃይል ግን በአየሩ ላይ የተመሠረተ አይደለም፤ የሚወስኑት ክብደቱ፣ ከመሐል ያለው ርቀትና የዙሩ ፍጥነት ናቸው። ስለዚህ በቆቦ ሜዳ ላይ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ንዝረቱ ግን ቅንጣት አይቀንስም። ጉልበት በሚያጥርበት አገር በንዝረት የሚባክን ጉልበት ሊኖር አይገባም።

የመጠን ልዩነትም ጥንቃቄውን አያቀልለውም። ለቆቦ ቅርብ በሆኑት በላሊበላና በኮምቦልቻ ማረፊያዎች የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያሳርፋቸው ኪው-400 አውሮፕላኖች ስድስት ምላጭና 4.1 ሜትር ዲያሜትር ያላቸው ፕሮፔለሮች ይዘዋል። በመነሻ ጊዜ በደቂቃ 1,020 ዙር ስለሚዞሩ ጫፋቸው በሰከንድ 220 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከላይ የተጠቀሰው 1.4 ሜትር ፕሮፔለር በ3,000 ዙር ሲዞር የጫፉ ፍጥነት ያው 220 ሜትር ነው። ትንሹ ፕሮፔለር የትልቁን ያህል ይሮጣል፤ ስለዚህ የትልቁን ያህል ጥንቃቄ ይገባዋል።

ማንኛውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ደኅንነት ይቀድማል። ፕሮፔለር በማንኛውም ቅጽበት ሊነሣ እንደሚችል ተቆጥሮ ይያዛል። ኮንታክቱ ይጠፋል፣ የባትሪው ሽቦ ይነቀላል፣ ማግኔቶ ካለውም ወደ መሬት መገናኘቱ ይረጋገጣል። ከየሲሊንደሩ ካንዴላ ይወጣል፤ ይህ ሞተሩ በድንገት እንዳይነሣ ያደርጋል፣ ፕሮፔለሩም በእጅ በቀስታ እንዲዞር ያስችላል። ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግባቸዋል፣ ጅራቱም ይታሰራል። መለኪያው አንድ ሚሊ ሜትር በሚፈልግበት ሥራ አውሮፕላኑ በጎማው ላይ ትንሽ ቢወዛወዝ ልኬቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

የማቅናት ሥራ የሚጀምረው ከፍላንጁ ነው። ፍላንጅ ፕሮፔለሩ የሚቀመጥበት፣ በኮሎው ጫፍ ያለ ክብ የብረት ገጽ ነው። ቀለም፣ ዝገት፣ አቧራና የብረት ሻካራ ጫፍ በጥንቃቄ ከላዩ ይነሣሉ። ከዚያ ባለ መርፌ የዳያል መለኪያ በሞተሩ አካል ላይ ተተክሎ መርፌው የፍላንጁን ፊት እንዲነካ ይደረግና ኮሎው አንድ ሙሉ ዙር በእጅ ይዞራል። የመርፌው ከፍተኛና ዝቅተኛ ንባብ ልዩነት የፍላንጁ መዋዠቅ ነው። ጥሩ ፍላንጅ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ አካባቢ አያልፍም። ይህ እዚህ ግባ የማይባል ቢመስልም ወደ ጫፍ ሲሄድ ያድጋል፤ ዲያሜትሩ 15 ሳንቲ ሜትር በሆነ ፍላንጅ ላይ የ0.1 ሚሊ ሜትር መዋዠቅ በ1.4 ሜትር ፕሮፔለር ሁለት ጫፎች መካከል ወደ 1 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ልዩነት ይፈጥራል። በፍላንጁና በፕሮፔለሩ መካከል የገባ የአሸዋ ቅንጣትም ያንኑ ያህል ያጣምማል። መዋዠቁ ከአምራቹ ወሰን ካለፈ ኮሎው ተጣሞ ሊሆን ስለሚችል ጉዳዩ ወደ ሞተር ጥገና ይሄዳል እንጂ በፕሮፔለሩ አይሸፈንም።

ቀጥሎ ፕሮፔለሩ ይገጠማል። በእንጨት ፕሮፔለር ላይ ኃይሉን ከፍላንጁ ወደ እምብርቱ፣ ማለትም ወደ ፕሮፔለሩ መሐል፣ በዋናነት የሚያስተላልፈው የሁለቱ ገጾች ተጨምቆ መያያዝ ነው። ቡሎኖቹ ከላሉ እምብርቱ በፍላንጁ ላይ ይንሸራተታል፤ ሰበቃው እንጨቱን ያሳርራል፣ በመጨረሻም ቡሎኖቹ ራሳቸው ይቆረጣሉ። ከመጠን በላይ ከጠበቁ ደግሞ የእንጨቱ ጭረት ይደቅቃል፤ የደቀቀ እንጨትም ዳግም አይይዝም። ስለዚህ ዳዶዎቹ የሚጠብቁት በቶርክ ሬንች፣ የፕሮፔለሩ አምራች በጻፈው ልክ፣ በደረጃና በትይዩ ተራ ነው፦ አንዱ ትንሽ ይጠብቅና ፊት ለፊቱ ያለው ይከተላል፣ እንዲሁ እየተባለ ይዞራል። በእምብርቱ ፊት የሚደረገው የብረት ሳህን ጫናውን በእኩል እንዲያከፋፍል ንጹሕና ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ዳዶዎቹን በማሰሪያ ሽቦ ማሰር ግን ፈለጉ ከተረጋገጠ በኋላ የሚደረግ የመጨረሻ ሥራ ነው።

ፈለግ መፈተሽ የማቅናት ሥራ እምብርት ነው። ከባድና የማይንቀሳቀስ ድጋፍ፣ ለምሳሌ በላዩ ምስማር የተመታበት ወፍራም ጣውላ፣ ምስማሩ የአንዱን ምላጭ ጫፍ ለጥቂት እንዳይነካ ሆኖ ይቆማል። የመጀመሪያው ምላጭ ወደ ምስማሩ ይመጣና በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይለካል። ከዚያ ፕሮፔለሩ ዞሮ ሁለተኛው ምላጭ በዚያው ስፍራ ይለካል። ሲለካ ኮሎው በኩሽኔታው ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት እምብርቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ገፋ ተደርጎ ይያዛል፤ ይህ ከተረሳ የሚለካው የኩሽኔታው ክፍተት እንጂ የፕሮፔለሩ ጠማማነት አይሆንም። ዲያሜትራቸው 1.8 ሜትር ገደማ ለሚደርስ ትንንሽ ፕሮፔለሮች የተለመደው ወሰን ለብረት 1.5 ሚሊ ሜትር፣ ለእንጨት 3 ሚሊ ሜትር ነው።

ልዩነቱ ከወሰኑ ካለፈ መንሥኤው ሳይታወቅ መታረም አይጀመርም። ፕሮፔለሩ ተፈትቶ በፍላንጁ ላይ ግማሽ ዙር ዞሮ እንደገና ይገጠማል። ስሕተቱ ያንኑ ምላጭ ተከትሎ ከሄደ ችግሩ ከፕሮፔለሩ ነው፤ ስሕተቱ በፍላንጁ ስፍራ ላይ ከቀረ ችግሩ ከፍላንጁ ነው። ይህ ቀላል ፈተና ብዙ ድካም ያድናል። በእንጨት ፕሮፔለር ላይ አነስተኛ ልዩነት በፍላንጁና በእምብርቱ መካከል በሚገባ ስስ የናስ ወይም የወረቀት ሽፋን ሊታረም ይችላል። ሽፋኑ የሚገባው ወደ ኋላ ከቀረው ምላጭ በስተጀርባ ነው። መጠኑም በስሌት ይገኛል፦ በ1.4 ሜትር ፕሮፔለር ጫፎች መካከል የ4 ሚሊ ሜትር ልዩነት ካለ፣ በ15 ሳንቲ ሜትር እምብርት ጠርዝ ላይ የሚያስፈልገው ሽፋን 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ውፍረቱም ወደ ሌላኛው ጠርዝ እየሳሳ መሄድ አለበት። የተጣመመ የብረት ምላጭ ግን በሽፋንም በመዶሻም አይታረምም፤ ፈቃድ ያለው የፕሮፔለር ጥገና ክፍል ጉዳይ ነው።

ፈለጉ ከገጠመ በኋላ የምላጮቹ አንግል ይነጻጸራል። ምላጭ ከእምብርቱ እስከ ጫፉ የተጠማዘዘው በዓላማ ነው። አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ሁሉም ክፍሉ ወደ ፊት እኩል እርምጃ እንዲራመድ፣ ትንሽ ክብ የሚሠራው የመሐሉ ክፍል ሰፊ አንግል፣ ትልቅ ክብ የሚሠራው ጫፍ ጠባብ አንግል ይይዛል። እርምጃው 88 ሳንቲ ሜትር በሆነ ፕሮፔለር ላይ አንግሉ ከመሐል 30 ሳንቲ ሜትር ላይ 25 ዲግሪ፣ 52.5 ሳንቲ ሜትር ላይ 15 ዲግሪ፣ 70 ሳንቲ ሜትር ላይ 11.3 ዲግሪ ያህል ነው። አንግሉ በትንሽ ርቀት ይህን ያህል ስለሚለወጥ፣ ሁለቱ ምላጮች የሚለኩበት ስፍራ ከመሐል በትክክል እኩል ርቀት ላይ ተሰምሮ መለየት አለበት።

አንግሎቹ ካልተመሳሰሉ አንዱ ምላጭ ከሌላው ይበልጥ ይገፋል፤ ክብደታቸው በግራም የተስተካከለ ቢሆን እንኳ ፕሮፔለሩ ይንዘፈዘፋል። ይህ የአየር መዛባት ነው፤ በክብደት አይታከምም። መሬት ላይ አንግላቸው በሚስተካከል ምላጮች ላይ መለኪያው የዲግሪ አሥረኛ ክፍሎችን የሚያነብ ዲጂታል አንግል መለኪያ ነው። ምላጩ አግድም ሆኖ በውሃ ልክ ይረጋገጣል፤ አንዱ ተለክቶ ሌላው በዚያው ስፍራ ሲመጣ ይለካል። ከአንድ ወጥ እንጨት የተቀረጸ ፕሮፔለር አንግሉ ከተለያየ ለቀረጸው ባለሙያ ይመለሳል።

ማቅናቱ ሲያበቃ ማመጣጠን ይጀምራል። የመጀመሪያው ደረጃ ፕሮፔለሩ ከሞተሩ ወርዶ በቆመበት የሚመዘንበት ነው። በእምብርቱ ቀዳዳ በትክክል የሚገባ፣ ቀጥና ልሙጥ የሆነ የብረት ዘንግ ይገባና በሁለት ስለታም የብረት ጠርዞች ላይ ያርፋል። ጠርዞቹ በውሃ ልክ የተስተካከሉ፣ እርስ በርሳቸውም ትይዩ መሆን አለባቸው። ክፍሉ ዝግና ነፋስ የማይገባበት ይሁን፤ ቀኑ ሲግል የራያ ሜዳ ነፋስ ስለሚነሣ ይህ ሥራ በማለዳ ይመረጣል። በበር ስንጥቅ የሚገባ ሽውታ ብቻውን ምላጭን ሊገፋ ይችላል።

ፕሮፔለሩ በሁለት አቀማመጥ ይፈተሻል። በመጀመሪያ ምላጮቹ አግድም ይደረጋሉ፤ አንዱ ወደ ታች ካዘቀዘቀ ከባዱ እርሱ ነው። ቀጥሎ ምላጮቹ ወደ ላይና ወደ ታች ይቆማሉ፤ በዚህ ጊዜ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ከዞረ የተዛባው የእምብርቱ ጎን ነው። በሚገባ የተመጣጠነ ፕሮፔለር በማንኛውም አንግል ሲለቀቅ በዚያው ይቆያል። ብዙ ጀማሪዎች የመጀመሪያውን ፈትሸው ሁለተኛውን ይዘሉታል፤ ስለዚህ የተመጣጠነ የሚመስል ፕሮፔለር ሞተሩ ላይ ሲወጣ ይንቀጠቀጣል።

የሚጎድለው ክብደት የሚታወቀው በሙከራ ነው። በቀላሉ ምላጭ ጫፍ ላይ ጥቂት ሰም እየተለጠፈ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ሰሙ ተነሥቶ በግራም ሚዛን ይመዘናል። በእንጨት ፕሮፔለር ላይ ያን ያህል ክብደት በቀላሉ ምላጭ ላይ ቫርኒሽ በመጨመር ይሞላል። ቫርኒሽ ሲደርቅ ውስጡ ያለው ማቅጠኛ ስለሚተን ክብደቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ እርጥብ ሳለ የተገኘ ሚዛን አይታመንም፣ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ዳግም ይፈተሻል። ልዩነቱ ከፍ ያለ ከሆነ ከባዱ ምላጭ በብርጭቆ ወረቀት በጥቂቱ ይታሻል፤ የታሸው ክፍል ግን እርጥበት እንዳይገባው ወዲያው ዳግም ይቀባል። የፊት ጠርዙን መከርከም የምላጩን ቅርጽ ስለሚለውጥ አይፈቀድም። የእምብርቱ ጎን ሲዛባ ክብደት የሚጨመረው እምብርቱ አጠገብ ነው፤ ከመሐል ያለው ርቀት ስለሚያንስ ክብደቱ ይበልጣል። ጫፍ ላይ በ70 ሳንቲ ሜትር 2 ግራም የሚያደርገውን ለማድረግ በ7 ሳንቲ ሜትር ርቀት 20 ግራም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የማመጣጠን ደረጃ ፕሮፔለሩ ሞተሩ ላይ እየተሽከረከረ የሚለካበት ነው። ይህ አስፈላጊ የሚሆነው ፕሮፔለሩ ብቻውን ስለማይዞር ነው፤ ከእርሱ ጋር ፍላንጁ፣ የፊት ቆቡና የቆቡ ሳህን፣ ኮሎውም ይዞራሉ። በሞተሩ አካል ላይ፣ ከፊተኛው ኩሽኔታ አጠገብ፣ የንዝረት መለኪያ ይታሰራል፤ በአንዱ ምላጭ ጀርባ ላይ አንጸባራቂ ቴፕ ይለጠፍና የብርሃን ቆጣሪ በየዙሩ ያየዋል። አንደኛው መሣሪያ የንዝረቱን መጠን፣ ሁለተኛው ደግሞ ከባዱ ጎን የት እንዳለ ይናገራል። አውሮፕላኑ በሚገባ ታስሮ፣ ፊቱን ወደ ነፋሱ አድርጎ፣ በንጹሕ መሬት ላይ ሞተሩ በበረራ ዙሩ ይሠራል። የሙከራ ክብደት በቆቡ ሳህን ላይ ታስሮ ለውጡ ይነበባል፤ ከዚያ መሣሪያው ትክክለኛውን ክብደትና ስፍራ ያሰላል። ክብደቱ ብዙ ጊዜ በብሎን ሥር የሚገቡ ጥቂት ራንዴላዎች ናቸው። ንዝረቱ በፍጥነት መለኪያ በሰከንድ ከ0.07 ኢንች፣ ማለትም ከ1.8 ሚሊ ሜትር፣ በታች ሲወርድ ሥራው እጅግ ጥሩ ተብሎ ይቆጠራል።

መሣሪያው በሌለበትም የንዝረቱ ጠባይ መንሥኤውን ይጠቁማል። በየዙሩ አንድ ጊዜ የሚመታ ንዝረት ብዙውን ጊዜ የክብደት መዛባት ወይም የፈለግ አለመግጠም ነው። በሁለት ዙር አንድ ጊዜ የሚመጣ ከበድ ያለ መናጥ ግን በአራት ምት ሞተር ላይ አንድ ሲሊንደር መድከሙን ያመለክታል፤ ካንዴላውና ካርቡሬተሩ ሳይፈተሹ ፕሮፔለሩን መወንጀል አይገባም። የደከመ የሞተር ጎማ መቀመጫ፣ የተሰነጠቀ ማርሚታና የላላ ማቀፊያም የንዝረት ምንጮች ናቸው፤ አንዳንዴም የንዝረት ውጤቶች ናቸው። ስለዚህ ፕሮፔለሩ ከተስተካከለ በኋላም እነዚህ ክፍሎች ስንጥቅ እንዳይኖርባቸው ይታያሉ።

አንዴ የተስተካከለ ፕሮፔለር ለዘለዓለም ተስተካክሎ አይኖርም፤ በራያ ቆላ ደግሞ የሚያዛቡት ነገሮች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው እርጥበት ነው። እንጨት በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ እርጥበት ስቦ ያብጣል፤ በበጋው ድርቀት ይኮማተራል። በደጋ እርጥበት የጠበቀ እምብርት በቆቦ የግንቦት ሙቀት ሲኮማተር ቡሎኖቹ ማንም ሳይነካቸው ይላላሉ። ስለዚህ የቡሎኖቹ ጥብቀት ከመጀመሪያው በረራ በኋላ፣ ከ25 የበረራ ሰዓት በኋላ፣ እንዲሁም ወቅት በተለወጠ ቁጥር ዳግም ይለካል። የእንጨት ፕሮፔለር ያለው አውሮፕላን ሲቆም ምላጮቹ አግድም ይደረጋሉ፤ ቀጥ ብለው ከቆሙ እርጥበቱ ወደ ታችኛው ምላጭ እየወረደ ሚዛኑን ያዛባል። ጫፉ በብረት በተሸፈነ ምላጭ ላይ ያሉት ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎችም በቫርኒሽ መደፈን የለባቸውም።

ሁለተኛው አቧራና ጠጠር ነው። የራያ ሜዳ አፈር በበጋ ደቃቅ አቧራ ያነሣል፤ በጠጠር ሜዳ ላይ ቆሞ ሞተር ማናር ደግሞ ድንጋይ ወደ ምላጩ ይስባል። የፊት ጠርዙ ሲበላ ሚዛኑም የአየር ቅርጹም ይዛባል። በብረት ምላጭ ላይ ያለ ትንሽ ቁስል ጭነቱን በአንድ ነጥብ ስለሚያከማች የስንጥቅ መነሻ ይሆናል፤ በአምራቹ ወሰን ውስጥ እስካለ ድረስ በደቃቅ ሞረድ ለስላሳ ሆኖ ይሞረዳል፣ ከወሰኑ ካለፈ ምላጩ ከአገልግሎት ይወጣል። በእንጨት ምላጭ ላይ የጭረት መላቀቅ፣ በቡሎን ቀዳዳዎች መካከል የሚሄድ ስንጥቅ ወይም የሽፋን ብረት መላላት ከታየ ፕሮፔለሩ አይበርም። ሞተር የሚሞከረው ጠጠሩ በተጠረገ መሬት ላይ ነው፤ ሲንደረደሩም ጉልበት ቀስ በቀስ ይጨመራል እንጂ በአንድ ጊዜ አይለቀቅም።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው እጅ በቆቦ የለም ማለት አይቻልም። በቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃን ለመስኖ የሚስቡ ፓምፖች አሉ፤ የፓምፕን ዘንግ ከሞተሩ ዘንግ ጋር ማቅናት ፍላንጅን ከመፈተሽ ጋር አንድ ዓይነት ጥበብ ነው፣ መለኪያውም ያው የዳያል መለኪያ ነው። ጣውላን በውሃ ልክ የሚያስተካክል አናጢ፣ ጎማ ባላንስ የሚያደርግ የጋራዥ ሠራተኛ፣ ኮሎ የሚያወጣና የሚመልስ መካኒክ የዚህን ሥራ ክፍሎች ያውቃሉ። የሚጨመረው ሁለት ነገር ነው፤ ተራውን አለማዛባትና እያንዳንዱን ልኬት በጽሑፍ መያዝ። በመዝገቡ ላይ ቀኑ፣ የፍላንጁ ንባብ፣ የፈለጉ ልዩነት፣ የሁለቱ ምላጮች አንግል፣ የተጨመረው ክብደትና ስፍራው፣ የቡሎኖቹ ጥብቀት ይሰፍራሉ። በሚቀጥለው ፍተሻ የተለወጠ ነገር መኖሩ የሚታወቀው ከዚህ መዝገብ ጋር ሲነጻጸር ነው፤ አውሮፕላኑ ከመብረሩ በፊት ፈቃድ የሚጠየቀው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንም ሥራው በሥርዓት መሠራቱን የሚያይበት ማስረጃ ይሆናል።